የሳሌርኖ አገር፤ የኃይል ሥራና የምሕረት ሥራ

ሰው የባዕድ አገር ታሪክ የሚመረምረው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ያላየውን ለማወቅ፣ ሁለተኛውም በሌላው ላይ ከደረሰው ለራሱ ምክር ለማግኘት ነው። ስለ ኢጣልያ በተነሣ ጊዜ ግን የኢትዮጵያ ሰው ልብ አስቀድሞ የሚያስታውሰው ዐድዋንና ማይጨውን፣ የመርዙን ጢስና የየካቲት 12 ቀንን ደም ነው። ይህም አያስነቅፍም፤ አባቶቻችን ያዩት፣ እኛም ከአባቶቻችን የሰማነው ነውና። ነገር ግን አገር ማለት አንድ መንግሥት ወይም አንድ ዘመን ብቻ አይደለም። ክፉ ሥራ የታሰበበት አገር መልካም ሥራም የተሠራበት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም ለይቶ መመዘን የታሪክ አንባቢ ተግባር ነው።

ስለዚህ ዛሬ በደቡብ ኢጣልያ በባሕር ዳር ያለችውን የሳሌርኖን አውራጃ መርጠን የምድርዋን መልክና የታሪክዋን ጉዞ ባጭሩ እንናገራለን። በዚህች አገር ጽርዓውያን ማለት ግሪኮች ነገሡ፤ ሮማውያን ነገሡ፤ ኋላም ሎምባርዶችና ኖርማኖች ተተካኩባት። በነዚሁ ነገሥታት መካከል ደግሞ ሕመምተኛን የሚያስታምሙ፣ እንግዳን የሚቀበሉ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየካቡ ገደሉን እርሻ የሚያደርጉ ሰዎች ነበሩ። ለመግዛት የተሠራው ምን ደረሰበት? ለማገልገል የተሠራውስ ምን ደረሰበት? የጽሑፋችን ነገር ይህ ነው። የምንጠቅሰውም የዘመን ቍጥር፣ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ካልተናገርን በቀር፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

የሳሌርኖ አውራጃ ከናፖሊ በስተ ደቡብ ካምፓንያ በሚባለው ክፍል ውስጥ ትገኛለች። ስፋትዋ ወደ 5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ የሕዝብዋም ቍጥር ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ነው። ምድርዋ በሦስት ይከፈላል። በሰሜን በኩል የአማልፊ ጠረፍ አለ፤ በዚያ ላታሪ የተባሉት ተራሮች እስከ ባሕሩ ድረስ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። ሜዳ ስለሌለ ሕዝቡ በገደሉ ላይ እርከን በእርከን የድንጋይ ካብ ሠርቶ፣ አፈሩን በጫንቃው ተሸክሞ እያወጣ፣ ሎሚና ወይን ተከለበት። ከቤት ወደ እርሻ፣ ከእርሻም ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚኬደው በድንጋይ ደረጃ ነው። ካቡ አንድ ዓመት ሳይጠገን ቢቀር ዝናም አፈሩን ይዞት ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ስለዚህ በዚያ አገር እርሻ ማለት ዘወትር መጠገን ማለት ነው።

በመካከል የሴሌ ወንዝ ሜዳ ተዘርግቶአል። ይህ ሜዳ አፈሩ የሰባ ነው፤ ነገር ግን ብዙ መቶ ዓመት ረግረግና የንዳድ በሽታ መኖሪያ ሆኖ ሰው የሚሸሸው ስፍራ ነበረ። በረግረጉ የለመዱት የውሃ ጎሾች ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህም ወተት የሚሠራው አይብ እስከ ዛሬ የአገሩ ዝና ነው። በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዓመት ውሃው በቦይ እየተቀዳ ከተጠነፈፈ በኋላ ሜዳው የአትክልትና የፍራፍሬ አገር ሆነ። በደቡብ በኩል ደግሞ ቺሌንቶ የሚባለው የኮረብታና የተራራ አገር አለ፤ ወይራና በለስ ይበቅልበታል። ብዙዎቹ መንደሮች ከባሕር ርቀው በኮረብታ ራስ ላይ የተቀመጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከባሕር ወንበዴና ከቆላ ንዳድ ለመዳን ነው። በዚህች አገር ባሕሩ እንጀራንም ጠላትንም የሚያመጣ አንድ በር ነበረና።

በዚህ በር ከገቡት መካከል ታሪክ አስቀድሞ የሚያውቃቸው ጽርዓውያን ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ዓመት ግድም ሲባሪስ ከምትባለው ከተማ የወጡ ሰፋሪዎች ከሴሌ ወንዝ በስተ ደቡብ ፖሲዶንያ የተባለች ከተማ ቈረቈሩ፤ ስሟም ከባሕር ጣዖታቸው ከፖሲዶን የተወሰደ ነው። በ100 ዓመት ተኩል ውስጥ ሦስት ታላላቅ ቤተ ጣዖቶች አቆሙ። የመጀመሪያው በፊቱ 9፣ በጎኑም 18 ዓምዶች ያሉት ነው፤ ሦስተኛውም ከልደት በፊት በ460 ዓመት ግድም የተሠራው፣ እስከ ዛሬ ከሞላ ጎደል ሳይፈርስ ቆሞ የሚታየው ነው። በጽርዓውያን አገር እንኳ እንደዚህ ደኅና ሆነው የቀሩ ጥቂቶች ናቸው።

ነገር ግን ሕንጻው የቆመላቸው ሰዎች አልቆሙም። ከልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሉካኖች የተባሉ የተራራ ሰዎች ከተማይቱን ያዙ። በ273 ዓመት ደግሞ ሮማውያን የራሳቸውን ሰፋሪዎች አግብተው ስሟን ፔስቱም አሉአት። ኋላም ወንዙ በደለል እየተሞላ ውሃው በከተማይቱ ዙሪያ ተኛ፤ ንዳድም ሕዝቡን ፈጀው። የተረፉት በመካከለኛው ዘመን መጀመሪያ ከተማይቱን ትተው በአቅራቢያው ወዳለው ወደ ካፓቾ ተራራ ወጡ። እነዚያ ዓምዶችም ሰው በሌለበት ረግረግ መካከል ብቻቸውን ቀሩ፤ ምናልባት ተነቅለው ለሌላ ሕንጻ ያልተወሰዱት ንዳዱ ስለ ጠበቃቸው ይሆናል።

በ1968 ዓ.ም. ከከተማይቱ ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ መቃብር ተገኘ። በመቃብሩ ክዳን ላይ አንድ ጎልማሳ ከከፍታ ወደ ውሃ ሲወረወር የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ የተሠራውም ከልደት በፊት በ480 ዓመት ግድም እንደ ሆነ ይገመታል። ብዙ ሊቃውንት ይህን ሥዕል ነፍስ ከዚህ ዓለም ወደማታውቀው ዓለም የምትሻገርበት ምሳሌ ነው ይሉታል። የትንሣኤን ተስፋ ያልሰሙ ሰዎች ሞትን እንደዚህ አድርገው ማሰባቸው ያስደንቃል። ከሦስቱ ቤተ ጣዖቶች አንደኛው፣ የአቴና የሚባለው፣ ወንጌል ወደ አገሩ ከገባ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ነበር፤ በወለሉ ውስጥም የክርስቲያኖች መቃብር ተገኝቶአል። በካፓቾ ተራራ ላይም እመቤታችን ሮማን ይዛ የምትታይበት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ጥንት በሜዳው ይመለክ የነበረው የሄራ ጣዖት ሮማን ይዞ ይቀረጽ ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ ወደ ተራራ ሲወጣ የለመደውን ምልክት ይዞ ወጥቶ ለእመቤታችን ሰጠው ብለው የሚያስቡ ሊቃውንት አሉ።

ከፔስቱም በስተ ደቡብ በቺሌንቶ ጠረፍ ሌላ የጽርዓውያን ከተማ ነበረች፤ ስሟ ኤሌያ፣ በሮማውያን ቋንቋ ቬልያ ነው። ይህችን ከተማ የቈረቈሩት ከልደት በፊት በ540 ዓመት ግድም የፋርስን ንጉሥ ባርነት ጠልተው ከትንሿ እስያ በመርከብ የተሰደዱ የፎቄያ ሰዎች ናቸው። ኤሌያ በሠራዊትም በሀብትም ታላቅ አልነበረችም፤ ነገር ግን ፓርሜኒዴስና ዜኖን የተባሉ ፈላስፎች ከእርስዋ ወጡ። በ1962 ዓ.ም. በተገኘ ድንጋይ ላይ የፓርሜኒዴስ ስም ከሐኪሞች ማኅበር ጋራ በሚያያዝ መጠሪያ ተጽፎ ተነብቦአል። ከሌሎች ጽሕፈቶችም በዚያች ከተማ ሐኪሞች በትውልድ እየተተካኩ ይኖሩ እንደ ነበረ ይታወቃል። እንግዲህ በዚህ አውራጃ የሕክምና ነገር ሥሩ ጥልቅ ነው፤ ፍሬውም በሌላ ዘመን በሳሌርኖ ከተማ ይታያል።

ለእኛ ደግሞ የሚቀርበን ነገር ከዚሁ ከቬልያ ምድር ይነሣል። በሳሌርኖ ሰዎች ትውፊት የወንጌላዊው የቅዱስ ማቴዎስ ዐፅም ብዙ ዘመን በቬልያ አቅራቢያ ተሰውሮ ኖሮ፣ በ10ኛው መቶ ዓመት ተገልጦ በካፓቾ በኩል አልፎ በ954 ዓ.ም. ወደ ሳሌርኖ ገባ። ከዚያ ጀምሮ ቅዱስ ማቴዎስ የከተማይቱ ጠባቂ ነው፤ በየዓመቱም ሴፕቴምበር 21 ቀን፣ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 11 ቀን፣ በታላቅ ዑደት ያከብሩታል። የእኛ ስንክሳር ደግሞ ጥቅምት 12 ቀን ያስበዋል።

በምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት ትውፊት ቅዱስ ማቴዎስ ሰብኮ ሰማዕትነት የተቀበለው በኢትዮጵያ ነው። ይህም አሳብ የቈየ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ የነበረው ሩፊኖስ ሐዋርያት ዓለምን በዕጣ ሲካፈሉ ለማቴዎስ ኢትዮጵያ ደረሰችው ብሎ ጽፎአል። በዚያው ክፍልም የአባታችንን የአባ ሰላማን ማለት የፍሬምናጦስን ታሪክ ይተርካል። በእርግጥ የጥንት ሰዎች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ሁሉ ስለ ሆነ፣ የማቴዎስ ስብከት በየትኛው ስፍራ ነበረ ብሎ መቍረጥ አይቻልም። ይሁን እንጂ የሳሌርኖ ሰው በመቅደሱ ሲንበረከክ የሚያስበው ሐዋርያ ስለ ኢትዮጵያ ሰዎች ሲል ደሙን አፈሰሰ ተብሎ የተነገረለት ነው። ይህን በልባችን እንያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

የሳሌርኖ ከተማ ራስዋ ከልደት በፊት በ194 ዓመት የሮማውያን ሰፈር ሆና ተመሠረተች። በ8ኛው መቶ ዓመት የሎምባርዶች መስፍን አሬኪስ 2ኛ አደባባዩን ወደዚያ አዛወረ፤ በ9ኛውም መቶ ዓመት ከቤኔቬንቶ ተለይታ የራስዋ መስፍን ያላት አገር ሆነች። በ1077 ዓ.ም. የኖርማኖች አለቃ ሮቤርቶ ጉዊስካርዶ በከበባ አስርቦ ያዛት፤ የሎምባርዶችም ግዛት በዚያ ተፈጸመ። ጉዊስካርዶ ለቅዱስ ማቴዎስ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አሠራ። የዐጸዱ ዓምዶች ከጥንት ሮማውያን ሕንጻ የተወሰዱ ናቸው፤ የነሐሱም መዝጊያ በቁስጥንጥንያ ተሠርቶ የመጣ ነው።

በዚህ ጊዜ የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 7ኛ ከጀርመን ንጉሠ ነገሥት ከሄንሪ 4ኛ ጋራ ተጣልቶ ነበር። በ1077 ዓ.ም. ይኸው ንጉሥ በካኖሳ በበረዶ ላይ ቆሞ ይቅርታ ለምኖት ነበር፤ በ1084 ዓ.ም. ግን ሮማን ያዘ። ጎርጎርዮስን ለማዳን ጉዊስካርዶ ከሠራዊቱ ጋራ መጣ፤ ሠራዊቱም ከተማይቱን አቃጥሎ ዘረፈ። ስለዚህ የሮማ ሕዝብ በሊቀ ጳጳሳቱ ላይ ተቈጣ፤ እርሱም ካዳኑት ሰዎች ጋራ ወደ ሳሌርኖ ተሰደደ። ነገሥታትን በቃሉ ያንቀጠቀጠው ሰው ሜይ 25 ቀን 1085 ዓ.ም. በእንግድነት በሳሌርኖ ሞቶ በቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ጉዊስካርዶም ሁለት ወር ሳይሞላ በጽርዓውያን ባሕር ለሌላ ጦርነት ሲዘምት በከፋሎንያ ደሴት ታሞ ሞተ። አዳኙም የዳነውም በአንድ በጋ አለፉ።

በእነዚሁ ዓመታት ግን ማንም በሰይፍ ያላቋቋመው ሌላ ነገር በከተማይቱ ያድግ ነበር፤ ይኸውም የሕክምና ትምህርት ቤት ነው። የአገሩ ተረት ይህን ትምህርት ቤት አራት ሰዎች፣ አንድ ላቲናዊ፣ አንድ ጽርዓዊ፣ አንድ ዐረብና አንድ አይሁዳዊ በአንድነት መሠረቱት ይላል። ተረቱ ቃል በቃል እውነት ባይሆንም የነገሩን ፍሬ ይነግረናል። በ11ኛው መቶ ዓመት ቆስጠንጢኖስ አፍሪቃዊው የተባለ ሊቅ ከሰሜን አፍሪቃ ተሻግሮ ወደ ሳሌርኖ መጣ፤ ኋላም በሞንቴ ካሲኖ ገዳም መንኵሶ የዐረብንና የአይሁድን ሐኪሞች መጻሕፍት ወደ ላቲን ቋንቋ መለሰ። ከእነዚህ መጻሕፍት የአውሮጳ ሐኪሞች ብዙ መቶ ዓመት ተምረዋል። ልብ በሉ፤ መስቀለኞች ኢየሩሳሌምን ለመውጋት በተነሡበት ዘመን በሳሌርኖ የክርስቲያን መነኵሴ የእስላሞችን ጥበብ ለሕመምተኛ ጥቅም ይተረጕም ነበር።

በ12ኛውም መቶ ዓመት ትሮታ የተባለች የሳሌርኖ ሴት ስለ ሴቶች ሕመምና ስለ ፈውሱ የጻፈችው በብዙ አገር ተሠራጨ። በ1231 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ፍሬድሪክ 2ኛ በመንግሥቱ ውስጥ በሳሌርኖ መምህራን ያልተፈተነ ሰው ሐኪም ነኝ እንዳይል በሕግ ከለከለ፤ ኋላ በተጨመረው ደንብም ሐኪም ለድኃ ያለ ዋጋ ምክር እንዲሰጥ አዘዘ። በ14ኛው መቶ ዓመት ማቴዎስ ሲልቫቲኮ የተባለው ሐኪም ለመድኃኒት የሚሆነውን ዕፅ በዚያው ከተማ በአትክልት ቦታ ይተክል ነበር፤ ያ ስፍራ ዛሬም የመድኃኒት ዕፅ አትክልት ነው። ትምህርት ቤቱ እየደከመ ሄዶ በ1811 ዓ.ም. በናፖሊ ንጉሥ በሙራ ትእዛዝ ተዘጋ። ነገር ግን ሐኪም ተምሮና ተፈትኖ ይሹም የሚለው ሥርዓት በዓለም ሁሉ ቀረ፤ በ21ኛውም መቶ ዓመት መጀመሪያ በሳሌርኖ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት እንደ ገና ተጀመረ። ትእዛዙን የሰጠው ሙራ ግን ከ4 ዓመት በኋላ መንግሥቱን አጥቶ በጥይት ተገደለ።

አሁን ከሳሌርኖ ወደ ምዕራብ በጠረፉ ሄደን ወደ አማልፊ እንድረስ። ይህች ከተማ በገደል ሥር ያለች ትንሽ ስፍራ ስትሆን፣ ከ839 ዓ.ም. ጀምራ ራስዋን ችላ በመርከብ ንግድ ታላቅ ሆነች። ነጋዴዎችዋ በቁስጥንጥንያና በግብጽ ሰፈር ነበራቸው፤ በአቶስ ቅዱስ ተራራም የአማልፊ መነኮሳት የራሳቸው ገዳም ነበራቸው። በ1073 ዓ.ም. ያው ጉዊስካርዶ ገዛት፤ በ1135ና በ1137 ዓ.ም. የፒዛ ሰዎች በመርከብ መጥተው ዘረፉአት። በ1204 ዓ.ም. መስቀለኞች ቁስጥንጥንያን በግፍ ከበዘበዙ በኋላ፣ በ1208 ዓ.ም. የአማልፊ ተወላጅ የሆነው ካርዲናል ጴጥሮስ የሐዋርያው የቅዱስ እንድርያስን ዐፅም ከዚያ አምጥቶ በከተማይቱ አኖረ። በ1343 ዓ.ም. ኖቬምበር ታላቅ ማዕበል ተነሥቶ የከተማይቱን የታችኛውን ክፍልና ወደቡን ባሕሩ ዋጠው። ከዚያ በኋላ አማልፊ እንደ ቀድሞዋ አልሆነችም።

ነገር ግን የአማልፊ ነጋዴዎች ኃይላቸው ሳይጠፋ በፊት አንድ ነገር ሠርተው ነበር። በ11ኛው መቶ ዓመት በኢየሩሳሌም ከጌታችን መቃብር አጠገብ ገዳምና የተሳላሚዎች ማረፊያ አቆሙ፤ ታሞ የመጣም ይታከምበት ነበር። ከዚህ ማረፊያ ጌራርዶ የሚመራው የሆስፒታል ማኅበር ተነሣ፤ በ1113 ዓ.ም.ም በሮማው ሊቀ ጳጳሳት ደብዳቤ ጸና። ኋላ ማኅበሩ ከሕመምተኛ አልጋ ሌላ ሰይፍም ያዘ። በሰይፉ የያዘውን ግን ሁሉ በሰይፍ አጣ፤ ኢየሩሳሌምን በ1187፣ ዐካን በ1291፣ ሮዶስን በ1522፣ ማልታንም በ1798 ዓ.ም. ለቀቀ። ዛሬ መቀመጫው በሮማ ነው፤ ግዛት የለውም፤ የቀረው ሥራም ነጋዴዎቹ የጀመሩለት የመጀመሪያው ሥራ፣ ሕመምተኛን ማስታመም ነው። የአማልፊ መርከቦች ሁሉ ሰጥመው የአንዲት ማረፊያ ቤት ሥራ ከ900 ዓመት በላይ መኖሩን ያየ ሰው ምን ይላል?

ከአማልፊ በላይ በተራራው ወገብ ራቬሎ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚህች ከተማ የእኛና የሳሌርኖ ታሪክ እንደ ገና ይገናኛል። በግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ማለት ሜይ 9 ቀን 1936፣ በሮማ ፋሺስቶች የኢጣልያውን ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል 3ኛን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብለው አወጁ። ሕዝባችን ግን በአርበኝነት ታገለ፤ በ1941 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ያ ማዕረግ ባዶ ስም ሆነ። ጦርነቱም ዞሮ ወደ ኢጣልያ ራስዋ ገባ። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1943፣ በእኛ ጳጉሜን 4 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ የአሜሪካና የእንግሊዝ ሠራዊት በሳሌርኖ ባሕር ዳር ወረደ። አሜሪካውያኑ የወረዱት በፔስቱም ዓምዶች ፊት ለፊት ነው። ከጀርመኖች ጋራ ከሳምንት በላይ ተዋጉ፤ ከተማይቱም በቦምብና በመድፍ ተጐዳች። በዚያ ባለው የእንግሊዝ መንግሥታት ወታደሮች መካነ መቃብር ከ1,800 በላይ ሰዎች ተኝተዋል።

በ1944 ዓ.ም. የኢጣልያ መንግሥት መቀመጫውን ለጥቂት ወራት በሳሌርኖ አደረገ፤ ንጉሡም በራቬሎ ተቀመጠ። እዚያ ሳለ ኤፕሪል 12 ቀን ሥልጣኑን ለልጁ እንደሚያስረክብ አስታወቀ፤ ጁን 5 ቀንም አስረከበ። ዘውዱንም ጨርሶ የተወው ሜይ 9 ቀን 1946 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት በተባለ ልክ በ10ኛው ዓመት፣ በዚያው ቀን ነው። ከዚያም ወደ ግብጽ ተሰዶ በ1947 ዓ.ም. በእስክንድርያ ሞተ። በራቬሎ አደባባይ ያለው ታላቁ ቤተ ክርስቲያን ግን የሰማዕቱ የጰንጠሌዎን ነው፤ ይህ ጰንጠሌዎን ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ ከሆነው ከአባ ጰንጠሌዎን የተለየ፣ ሕመምተኞችን ያለ ዋጋ የፈወሰ ሐኪም ነው። ንጉሥ ሥልጣኑን ለማስረከብ ባበቃባት ከተማ፣ ገንዘብ ሳይቀበል የፈወሰ ሐኪም እስከ ዛሬ ይከበራል።

ይህን ስንጽፍ በወደቀው ለመደሰት አይደለም። መከራ የወረደው በንጉሡ ላይ ብቻ ሳይሆን ሎሚ በሚተክለውና መረብ በሚጥለው ድኃ ላይ ነው፤ የዚያ ድኃ ልጅም ወዶም ሆነ ተገዶ ወደ እኛ አገር ሊዘምት ችሎ ነበር። ምድሪቱም ራስዋ ብዙ ጊዜ ተቈጥታለች። በ1954 ዓ.ም. ኦክቶበር 25 ቀን ሌሊት በሳሌርኖ፣ በቪየትሪ፣ በማዮሪና በአካባቢው የወረደው ዝናም ከ300 በላይ ሰዎች ገደለ። በ1980 ዓ.ም. ኖቬምበር 23 ቀን በደቡብ ኢጣልያ የሆነው የምድር መናወጥ 3,000 ያህል ሰው ሲፈጅ፣ በዚህ አውራጃ ላቪያኖ የተባለችው መንደር ፈጽማ ፈረሰች።

በ1998 ዓ.ም. ሜይ 5 ቀን ደግሞ ዝናም ያረሰረሰው የተራራ አፈር በሳርኖ ከተማና በአቅራቢያዋ ባሉ መንደሮች ላይ ተንዶ 160 ሰዎች ሞቱ። በሳርኖ ቪላ ማልታ በሚባለው ሆስፒታል ላይ ጭቃው ገብቶ ሐኪሞችና አስታማሚዎች ከሕመምተኞቻቸው ጋራ በአንድነት ሞቱ። ስለ ሳሌርኖ የሕክምና ትምህርት ቤት ብዙ የክብር ቃል ተጽፎአል፤ ነገር ግን ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ በሥራ ላይ ሳሉ ከሞቱት የሚበልጥ ምስክር የለውም።

አንባቢ ሆይ፣ እንግዲህ በዚህች አገር ያየነውን እንመዝን። ፖሲዶንያን የሠሩት ጠፉ፤ ቤታቸውም ባዶ ቀረ። የሎምባርዶች ዙፋን፣ የጉዊስካርዶ ሰይፍ፣ የአማልፊ መርከብ፣ የኢጣልያ ንጉሥ ዘውድ፣ ሁሉም በየተራው አለፈ። የተረፈው በጫንቃ አፈር የተሸከሙ ገበሬዎች የካቡት እርከን፣ ከአፍሪቃ የመጣ መነኵሴ የተረጐመው የመድኃኒት መጽሐፍ፣ በኢየሩሳሌም ለተሳላሚ የተዘረጋው አልጋ ነው። እነዚህም ቢሆኑ በራሳቸው አይጸኑም፤ እርከኑ በየዓመቱ ካልተጠገነ ይናዳል፤ ትምህርት ቤቱም መምህር ካጣ ይዘጋል። የኃይል ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ይታያል፤ የምሕረት ሥራ ግን ትውልድ ሁሉ እንደ ገና ሊሠራው ይገባል።

አስቀድመን በልባችን እንያዘው ያልነውንም አሁን እናስታውስ። የሳሌርኖ ሕዝብ 1,000 ዓመት ያህል በመቅደሱ የሚያከብረው ሐዋርያ ወደ ኢትዮጵያ የሄደው ጠመንጃ ይዞ አይደለም፤ ወንጌል ይዞ ሄደ፣ ደሙንም በዚያ አፈሰሰ ብለው ራሳቸው ያስተምራሉ። ከዚያው መንግሥት በ1935 ዓ.ም. ወደ እኛ የተላኩት ግን የሰውን ደም ሊያፈስሱ መጡ። ከአንድ ባሕር ዳር ሁለት መንገድ ወደ አንድ አገር ሊወጣ ይችላል፤ አንዱ የሐዋርያው፣ ሁለተኛውም የወራሪው ነው። እኛም በበኩላችን ወደ ጎረቤታችን የምንሄድበትን መንገድ እንመርምር። ካቡ ሳይናድ የሚጠግን፣ ሕመምተኛው ሳይሞት የሚደርስ ልብ እግዚአብሔር ለሁላችን ይስጠን።